ኦቲዝም የሀብታም ልጅ በሽታ ነው ወይ? ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ወላጆች ተወያዩበት

የባሶና እናት (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጥያቄ በሆዴ ይዤ ከረምኩ። የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በስሙ ስጠራው አይዞርም። ውኃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል እንጂ በጣቱ አያመለክትም። የቢራ ቆርኪ ይለቅማል። ደጃፍ ላይ በየቀለሙ ይደረድራቸዋል፤ ቢጫውን ከቢጫ፣ ቀዩን ከቀይ። አንዷ ቆርኪ ከጎደለች እሷው እስክትገኝ ቤቱ ቀውጢ ይሆናል። አዲስ አበባ ወስጄ አሳየሁት፤ ኦቲዝም ነው ተባልኩ።

ያቃተኝ ከዚያ ወዲህ የመጣው የሰው አፍ ነው። ባለፈው ሰንበቴ ላይ አንዲት የባለቤቴ ዘመድ በሰው ፊት «ይሄ እኮ የቦሌ ልጆች በሽታ ነው፤ እናንተ ከየት አመጣችሁት?» አለችኝ። ባለቤቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤት አስረክባለሁ። ከአጠገቧ የነበረችው ደግሞ በተቃራኒው «እርጉዝ ሳለሽ በደንብ ስላልበላሽ ነው» አለችኝ። አንዷ ማግኘት ነው ትላለች፣ አንዷ ማጣት። ጥፋቱን እኔ ላይ በመጣል ግን ሁለቱም ይስማማሉ።

እውነቱ የቱ ነው? ኦቲዝም ከኑሮ ደረጃ ጋር ይገናኛል? የምታውቁ አስረዱኝ።

መምህር ከመሐል ሜዳ

እህቴ አይዞሽ። እኔ የመንዝ ገጠር አስተማሪ ነኝ። ያች ዘመድሽ አንድ ሳምንት እኛ ጋ ብትከርም ያን ቃል ደግማ አትናገረውም።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ 12 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በግ ጠባቂ ነው። ከአፉ ቃል አይወጣም ማለት ይቻላል። ማታ በጎቹ ሲገቡ የበረቱ በር ላይ ይቆምና የእያንዳንዷን ጀርባ በመዳፉ ይነካል። አንዲት ከቀረች ቤት አይገባም። በእኛ ብርድ፣ በዚያ ውርጭ፣ ከደጅ ንቅንቅ አይልም። አባቱ ባና አልብሶት አብሮት ሲቆም አይቻለሁ። ትምህርት ቤት አስገብተውት ነበር። ደወላችን የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ በድንጋይ ሲመታ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይወድቃል። ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ሰፈሩ «የዋህ ነው» ብሎ ትቶታል።

ሌላዋ ልጅ ናት። ቤታቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው። እናትየዋ ገበያ ስትወጣ ልጅቷን ከምሰሶ ጋር በገመድ ታስራታለች። እባካችሁ ይችን እናት በክፉ አታንሷት። ባል የላትም፣ የሚጠብቅላት ሰው የላትም። ካልሸጠች ደግሞ አይበሉም።

ሁለቱንም ሐኪም አይቷቸው አያውቅም። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ኦቲዝም ነው ልል አልችልም። አይደለም ያለም ግን የለም፤ የጠየቀ ስለሌለ። እነዚህ ልጆች በየትኛው መዝገብ ላይ ተጽፈው ነው «የድሃ ልጅ አይዘውም» የሚባለው?

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)

የባሶና እናት፣ ጥያቄሽ ከ80 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። ትንሽ ስለማስረዝም ታገሡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ሁኔታ አድርጎ በሰፊው ያስተዋወቀው ሊዮ ካነር ነው። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ይሠራ የነበረ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ አሳተመ። ከአባቶቹ መካከል የአእምሮ ሐኪሞች፣ ጠበቃ፣ ኬሚስት፣ የደን ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከ11ዱ እናቶች 9ኙ ኮሌጅ የጨረሱ ናቸው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እንኳ ስንት ሴት ኮሌጅ ትጨርስ ነበር? «የተማረና የባለጸጋ ልጅ በሽታ» የሚለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

ግን እስቲ አስቡት። በዚያ ጊዜ ልጄ አልተናገረልኝም ብሎ አገር አቋርጦ ስመ ጥር ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ማን ነው? የጭሰኛው ልጅ እዚያው መንደሩ ቀርቷል፤ ወይም «ዘገምተኛ» ተብሎ የሆነ ተቋም ውስጥ በሩ ተዘግቶበታል። ካነር የጻፈው እሱ ዘንድ መድረስ ስለቻሉት ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። ወላጆቹ የተማሩና ቁጥብ ስለነበሩ «እናትየው ፍቅር ስለነፈገችው ነው» ተባለ። ቺካጎ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም ይህን በ1960ዎቹ በሰፊው አስፋፋው። ስንት እናት ልጇ ታሞባት በላዩ ላይ ወንጀለኛ ተደረገች! በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያ ተነሣ፤ የራሱ ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። ነገሩ ከአስተዳደግ ሳይሆን ከአንጎል አፈጣጠር ነው ብሎ ማስረጃ ደረደረ። በ1977 ደግሞ ፎልስታይንና ራተር እንግሊዝ ውስጥ 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። ፍጹም ከሚመሳሰሉት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው። ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ ላይ አልተገኘም። የዘር ድርሻው ከባድ መሆኑ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተደጋግሞ ታይቷል።

ለአንቺ ጥያቄ ቀጥተኛውን መልስ የሰጠችው ሎርና ዊንግ ናት። ለንደን የምትሠራ የአእምሮ ሐኪም፣ እሷም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት። ካምበርዌል በሚባለው ሰፈር ወደ ሐኪም የመጡትን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ልጆች ራሷ ፈልጋ አየች። በ1980 ባወጣችው ጽሑፍ እሷ ክሊኒክ የሚመጡትና የወላጆች ማኅበር አባል የሆኑት አባቶች ከፍ ያለ ሥራ ያላቸው ነበሩ። ሰፈሩ ውስጥ ተፈልገው የተገኙት ልጆች አባቶች ግን ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ኑሮ አልነበራቸውም።

እህቴ፣ ሰንበቴ ላይ የሰማሽው ወሬ ለንደን ውስጥ መልስ ካገኘ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የሮቢት ልጅ

ሲስተር እናመሰግናለን፤ ግን ለእኔ አልተዋጠልኝም። እኔ የምናገረው ያየሁትን ነው። እዚህ ሸዋ ሮቢት ኦቲዝም ያለበት ልጅ አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቼ ጋ ግን በአንድ ግቢ ሁለት አለ። ሁለቱም ቤት ሀብታም ነው። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት። የገጠር ልጅ ከሰው ጋር ነው የሚያድገው። ይሄ እንዴት ልዩነት አያመጣም?

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ስልክ ሕፃን ልጅ ላይ መጣል ለማንም አይጠቅምም፤ በዚህ አንጣላም። ግን ካነር እነዚያን 11 ልጆች ሲያይ በየቤቱ ቴሌቪዥን እንኳ አልነበረም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ስልክ ላይ ሙጭጭ ቢል ቀድሞውኑ ተደጋጋሚ ነገር ስለሚስበው ነው። እዚህ ቆርኪ ይደረድራል፣ መንዝ በግ ይቆጥራል፣ ቦሌ ደግሞ አንዱን ቪዲዮ መቶ ጊዜ ያያል።

አይቼ አላውቅም ስላልከው አንድ ስሌት ልስጥህ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባለው ግምቱ በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት ይላል። በእኛ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ሕዝብ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ያን የድሮ ቁጥር እንኳ ለ127 ብታካፍለው ከ14,000 በላይ ሰው ይመጣል። ስሌቱ የእኔ ነው፤ እዚህ ቤት ለቤት የተቆጠረ አይደለም። ግማሹን ብትወስደው እንኳ እነዚህ ሰዎች የት አሉ? «ዱዳ»፣ «ፈዛዛ»፣ «ቡዳ የበላው»፣ «ዛር የሰፈረበት» እየተባሉ አሉ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባሉ።

የምንጃር ልጅ (ስቶክሆልም)

አረርቲ ተወልጄ አሁን ስዊድን ነው የምኖረው። እዚህ ያለው ነገር ለክርክራችሁ ስለሚጠቅም ልጨምር።

አሜሪካኖች በ2010 ያሳተሙት ትልቅ ጥናት አለ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የ8 ዓመት ልጆች የነበሩባቸውን አካባቢዎች መዝገብ አገላብጠው የሰፈሩ ኑሮ ከፍ ባለ ቁጥር የኦቲዝም ቁጥርም ከፍ እንደሚል አገኙ። የሮቢቱ ወንድሜ ያየውን ማለት ነው። ስቶክሆልም ላይ ተሠርቶ በ2012 የወጣው ጥናት ግን ተገልብጦ ተገኘ። እዚህ ገቢያቸው ዝቅ ያለና የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ወላጆች ልጆች ላይ ነው በዛ ያለው።

ያው ኦቲዝም፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። ለምን? እዚህ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ የሕፃናት ጤና ጣቢያ በነፃ ይከታተለዋል። የእኔን ልጅ ነርሷ ጨዋታ አስመስላ ስትፈትናት አይቻለሁ፤ ኩብ ትደራርባለች፣ ሥዕል እያሳየች «ውሻው የታል?» ትላለች። የሚኒስትሩም ልጅ የፅዳት ሠራተኛዋም ልጅ በዚያው በር ነው የሚገቡት። አሜሪካ ግን ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ልጁን የት ያሳያል?

አሜሪካም ቢሆን ምርመራው ሲስፋፋ ሥዕሉ ተለውጧል። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላቸው በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ36 የ8 ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለበት። ከነጮቹ ልጆች ይልቅ በጥቁር፣ በላቲኖና በእስያ ተወላጅ ልጆች ላይ በዝቶ ሲመዘገብ ያ የመጀመሪያው ነው። የጥቁር ልጅ አፈጣጠር በጥቂት ዓመት ውስጥ ተለወጠ የሚል ሰው መቼም አይኖርም። ቀድሞ ሳይታይ የቀረው ነው የታየው።

ያለጊዜ መወለድና ከባድ ምጥ ኦቲዝም የመኖር ዕድልን ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዘው የተጠኑ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ድሃዋን እናት ይበልጥ ያገኟታል። ስለዚህ ድህነት ምንም ድርሻ የለውም ብዬ አልዘጋውም። «ስላልበላሽ ነው» ብሎ በአንዲት እናት ላይ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን የሚያስብል በቂ ማስረጃ የለም።

የደብረ ሲና አባት (አዲስ አበባ)

ጸሐፊ አይደለሁም፤ ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ያ «ሀብታም» የምትሉት ሰው ነበርኩ። እህል ነጋዴ ነበርኩ፣ አይሱዙ ነበረኝ። ልጄ 3 ዓመት ሲሞላት የያዘችውን ቃል ሁሉ ተወች። «አባ» ትለኝ ነበር፤ ጠፋ። ደብረ ሲናን ለቅቀን አዲስ አበባ ገባን፤ ለእሷ የሚሆን ነገር እዚያ ስላልነበረ። ባለቤቴ የባንክ ሥራዋን ተወች። ልጅቷ ማታ አትተኛም፤ ሌሊቱን ስትዘል አድራ ጠዋት ቢሮ የሚገባ ሰው የለም። የቤት ሠራተኛ ብትቀጠር ሳምንት አትቆይም። በመጨረሻ አይሱዙው ተሸጠ።

አሜሪካ ውስጥ በ2012 የታተመ ጥናት አንብቤ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ጤነኛ ልጅ ካላት እናት በ56 ከመቶ ያነሰ ገቢ ታገኛለች ይላል። ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ታዲያ እኔ መቶ ከመቶ አይደለሁም እንዴ ያጣሁት?» አለችኝ። ምን እመልስላታለሁ?

ስለዚህ ሀብትና ኦቲዝም ግንኙነት አላቸው ወይ ለሚለው፣ አዎ አላቸው። ኦቲዝም ቤት ሲገባ ሀብት ይወጣል። ሰው የኦቲዝም ማዕከል በር ላይ የቆመውን መኪና ቆጥሮ የሀብታም በሽታ ነው ይላል። እኛ በታክሲ ነው የምንመጣው፤ እኛን ማን ቆጠረን። ከሰሜን ሸዋ ጭራሽ መምጣት ያልቻለውንማ ተዉት።

አንድ ሰው ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። በ2002 በፈረንጅ አቆጣጠር የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። በየመድረኩ ቆመው «ልጄ ነው» ሲሉ ስንቱ ወላጅ ልጁን ከጓዳ አወጣ። በ2021 አረፉ። በኋላ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ትግል ተከፈተ። ሁለቱም ግን አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፤ ከመሐል ሜዳማ ሌላ ነው።

ወለተ ማርያም (ሰላ ድንጋይ)

ስለ ጠበል ማንም አላነሣም። እኛ ጋ ጻድቃኔ ማርያም የሚመጣውን ሕፃን ብታዩ ሲስተር ያለችውን ቁጥር ታምናላችሁ። ከየአገሩ በእናት ጀርባ ታዝሎ የሚመጣው ስንቱ ነው! ድሃም ሀብታምም ነው። አንዷ በቪኤይት ትመጣለች፣ አንዷ በእግሯ። ልጆቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወደ ዓይንሽ አያዩም፣ እጃቸውን ያርገበግባሉ። እኔ በጠበሉ አምናለሁ። ሐኪሙንም አልከለክልም።

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)

እናቴ ወለተ ማርያም፣ እርስዎ ያዩት ትልቅ ማስረጃ ነው። ጠበሉን እኔም አልከለክልም፤ ራሴም እጠመቃለሁ። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለጠበል ተብሎ አይቋረጥ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም አደጋ ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ጮኸ ተብሎ እንዳይገረፍ። የሚጮኸው የውኃው ቅዝቃዜና የሰው ብዛት ጆሮውንና ቆዳውን ስለሚያስጨንቀው ነው።

የሮቢት ልጅ

እሺ፣ ቁጥሩን ተቀበልኩ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልተመለሰም። ድሃ ሰው ስሙን ማወቁ ምን ያደርግለታል? ሕክምናው ገንዘብ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ነው፣ አዲስ አበባ ቤት ኪራይ ገንዘብ ነው። ኦቲዝም ነው ተብሎ ወደ እዚያው ጓዳ ከሚመለስ ባያውቀው አይሻልም ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ጤና ኤክስቴንሽን (ሞረትና ጅሩ)

ወንድሜ፣ አይሻልም። ለምን እንደሆነ ከቤት ለቤት ሥራዬ ልንገርህ።

አንዲት እናት ልጄ ባለጌ ነው እያለች በኩርኩም ትመታው ነበር። ሽሮ ብቻ ነው የሚበላው፤ ሌላ ስትሰጠው ይተፋል። ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ባለጌ ሳይሆን የአንጎሉ አሠራር እንደሆነ ስነግራት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቡናውን ጎረቤት ሄዳ ትወቅጣለች። መምታቱም ቀረ። ይሄ ስንት ብር ፈጀ? ምንም።

ገንዘብ የማይጠይቅ ብዙ ነገር አለ። ከልጁ ጋር ስትነጋገሩ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ልክ መሆን። አጭር ቃል መጠቀም፤ «ና፣ እግርህን ታጥበህ ራት ብላ» ሳይሆን «እግር»፣ ቀጥሎ «ራት»። የሚወደውን ነገር ይዞ እስኪያይ መጠበቅ። ሲያይ ወዲያው መስጠት። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ እኛም አገር ተሞክሯል። መሠረቱ እንዲህ ያለ የዕለት ተዕለት ጨዋታና የቤት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ102 አሳዳጊዎች ጋር ተሠርቶ በ2016 በፈረንጅ የወጣ ጥናትም ወላጆቹ አጣን ካሉት ነገር ዋናው ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነው ይላል። ስለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም አላልኩም። ትምህርት ቤት ያስፈልጋል፤ ያም የመንግሥት ግዴታ ነው። ግን ስሙ ሳይታወቅ ማን ይጠይቅ? ወረዳ ላይ «ልጄ የዋህ ነው» ብላ የሄደች እናት ምን ይሰጧታል?

ምልክት ለማየት ደግሞ ሀብት አይጠይቅም። በ1 ዓመቱ በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ1 ዓመት ከግማሽ በጣቱ የማያመለክት፣ የነበረውን ቃል የሚተው፣ ከእኩዮቹ ጋር የማይጫወት ልጅ ካለ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሩ። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ የማይሰማ ልጅም በስሙ ሲጠራ አይዞርም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ፤ ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንላችሁ ይችላል።

የባሶና እናት (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። የደብረ ሲናው አባት የጻፉት ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ወጣ። እሱም የማታ ፈረቃውን ሊተው ሲያስብ ነው የከረመው። ትቶት ግን ምን እንበላለን።

አንድ ጥያቄ ብቻ። የልጄ ጆሮ ተመርምሮ አያውቅም፤ አዲስ አበባም ማንም አላለኝም። ይህን እዚሁ ደብረ ብርሃን ማሠራት እችላለሁ? ደብረ ብርሃን ያላችሁ ሌሎች እናቶች ካላችሁም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ቡና አለ። ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ ቢጮኹም ችግር የለም።

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)

የጆሮውን በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። ስትመጪ የክትባት ካርዱንና አዲስ አበባ የጻፉልሽን ወረቀት ያዢ። ቆርኪ ሲደረድር፣ ሲበላ፣ ስትጠሪው የሚያደርገውን በስልክ ቀርጸሽ ነይ። ልጆች ሐኪም ፊት ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ቤት ያለውን ማየት በጣም ያግዘናል።

መምህር ከመሐል ሜዳ

ሲስተር፣ ይሄ የቪዲዮ ነገር ለእኛም ይሠራል? ያች የገደሉ አፋፍ ልጅ እናት መኪና መንገድ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግሯ ትሄዳለች። የመድን ካርድም የላትም። እናትየዋን አስፈቅጄ ልቅረጽ?

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)

ቪዲዮ ብቻውን ምርመራ አይሆንም መምህር። ግን የቱን መጀመሪያ ማየት እንዳለብን ያሳየናል። እናትየዋ ከፈቀደች ቅረጽ፤ እዚህ መድረክ ላይ ግን አትለጥፈው፣ ለእኔ ብቻ ላከው። እስከዚያ የወረዳው መድን ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ጠይቅላት። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት የሚሸፍንላቸው አሠራር አለ፤ የሚመረጡት ከቀበሌ ነው። ስሟ እንዲገባ ሊቀ መንበሩን አንተው ብታናግረው ይሰማሃል።

የደብረ ሲና አባት (አዲስ አበባ)

መምህር፣ ልጅቷ ደብረ ብርሃን ድረስ የምትመጣ ከሆነ የእሷንም የእናቷንም ትራንስፖርት እኔ እችላለሁ። ቀኑን ብቻ ንገረኝ።